የዶሮ የሳንባ ሻጋታ በሽታ (አስፐርጊሎሲስ)፦ ምንነቱ፣ መለያ ምልክቶቹና መከላከያው

ይህ መረጃ በሸዋሮቢት፣ በጀውሃና በአካባቢው በሚገኙ የይፋት ቆላማ ቀበሌዎች ጫጩትና ቄብ ለሚያሳድጉ አርቢዎች፣ በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶችና ሴቶች እንዲሁም ለቀበሌ የልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ነው።

የበሽታው ምንነት

የሳንባ ሻጋታ በሽታ፣ በሳይንሳዊ ስሙ አስፐርጊሎሲስ፣ አስፐርጊለስ በሚባል ሻጋታ ምክንያት የሚከሰት የዶሮ የመተንፈሻ አካላት በሽታ ነው። ሁሉንም ዕድሜ ሊያጠቃ ይችላል፤ ከፍተኛውን ጉዳት የሚያደርሰው ግን ከተፈለፈሉ እስከ ሦስት ሳምንት ባሉ ጫጩቶች ላይ ነው። በዚህ ዕድሜ በድንገት ሲገባ ከመንጋው ከ5 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ሊገድል ይችላል።

በሽታውን ከሌሎች የዶሮ በሽታዎች የሚለዩት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ከታመመች ዶሮ ወደ ጤነኛ ዶሮ አይተላለፍም፤ ሁሉም የሚታመሙት ከአንድ ምንጭ፣ ማለትም ከሻገተ ጉዝጓዝ ወይም መኖ የሚነሳውን ብናኝ በመተንፈስ ነው። ሁለተኛ፣ በጥቅም ላይ የዋለ ክትባት የለውም። ሦስተኛ፣ ለባክቴሪያ በሚሰጡ መድኃኒቶች (አንቲባዮቲክ) አይድንም። ስለዚህ የበሽታው መፍትሔ ያለው በመድኃኒት መደብር ሳይሆን በዶሮ ቤቱ፣ በጉዝጓዙና በመኖ ማስቀመጫው ውስጥ ነው።

መንስኤው

ዋናው የበሽታው መንስኤ አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ የተባለው ዝርያ ሲሆን፣ አስፐርጊለስ ፍላቨስና አስፐርጊለስ ናይጀርም አልፎ አልፎ ይገኛሉ። ሻጋታው በአፈር፣ በገለባ፣ በእህልና በብስባሽ ውስጥ በሁሉም ሥፍራ ይኖራል። በእርጥብ ነገር ላይ ሲያድግ እጅግ ብዙ ብናኝ ዘር (ስፖር) ያፈራል። የአንዱ ስፖር ስፋት ከ2 እስከ 3 ማይክሮ ሜትር ብቻ በመሆኑ በዓይን አይታይም፤ በአየር ላይ ለረጅም ጊዜ ይንሳፈፋል፤ ሲተነፈስም እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይደርሳል።

ዝርያው ሙቀትን በእጅጉ የሚቋቋም ነው። ብዙ ሻጋታዎች በእንስሳት የሰውነት ሙቀት ማደግ አይችሉም። አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ ግን ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንኳ ያድጋል፤ ከ40 እስከ 42 ዲግሪ የሚደርሰው የዶሮ የሰውነት ሙቀትም ይስማማዋል።

የዶሮ አተነፋፈስ ተፈጥሮም ለበሽታው ያጋልጣል። ዶሮ ከሳንባዋ በተጨማሪ በደረትና በሆድ ውስጥ የተዘረጉ ስስ የአየር ከረጢቶች አሏት። ወደ ከረጢቶቹ የሚደርሰው ደም ጥቂት ስለሆነ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት በብዛት አይደርሱባቸውም። ዶሮ እንደ ሰው ደረትን ከሆድ የሚለይ የጡንቻ ግድግዳ ስለሌላት የገባውን ብናኝ በጠንካራ ሳል ማስወጣት አትችልም። በከረጢቶቹ ውስጥ ያረፈው ስፖር በቀላሉ የሚበቅለው በዚህ ምክንያት ነው።

በሌሎች እንስሳት የሚታየው ሁኔታ

የሳንባ ሻጋታ በዶሮ ብቻ የሚወሰን አይደለም። አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በ1863 እ.ኤ.አ. ፍሬዘኒየስ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የአንድ ትልቅ የሜዳ ወፍን የመተንፈሻ አካል መርምሮ ባገኘው ግኝት ነው። ዛሬም በዓለም የእንስሳት ማቆያዎች ውስጥ በፔንግዊኖችና በአዳኝ አሞሮች ላይ ከሚታወቁ ገዳይ በሽታዎች አንዱ ነው። በማቆያ የሚኖሩ ጥቁር አውራሪሶችም በሌላ ሕመም፣ በጭንቀት ወይም በመድኃኒት ምክንያት የመከላከል አቅማቸው ሲዳከም በሳንባ ሻጋታ እንደሚሞቱ ተመዝግቧል። ከተፈጥሮ መኖሪያው ወጥቶ በተዘጋ ቦታ፣ ሰው ባነጠፈለት ጉዝጓዝ ላይ፣ ሰው ያቀረበለትን መኖ እየበላ የሚኖር እንስሳ የሚተነፍሰው አየር ጥራት በጠባቂው እጅ ያለ መሆኑ ሁሉንም ያመሳስላቸዋል።

በኢትዮጵያ በስፋት የሚታወቀው ሌላው የእንስሳት የፈንገስ በሽታ በጋሪ ፈረሶች ላይ የሚታየው ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ ነው። መንስኤው ሂስቶፕላዝማ የተባለ ሌላ ፈንገስ ሲሆን፣ ቆዳን፣ ዓይንንና አልፎ አልፎ ሳንባን ያጠቃል። በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በ28 ከተሞች ከተመረመሩ 19,082 የጋሪ ፈረሶች መካከል 18.8 በመቶ የሚሆኑት በበሽታው ተይዘው ተገኝተዋል። ይህ በሽታ በቁስልና በመሣሪያ ንክኪ ከፈረስ ወደ ፈረስ ስለሚተላለፍ መከላከያው ከዶሮ የሳንባ ሻጋታ የተለየ ነው።

በይፋት ቆላ ጥንቃቄ የሚያሻበት ምክንያት

ሸዋሮቢትና ጀውሃ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከደብረ ብርሃን ደጋ ተወርዶ በሚገኘው ሞቃታማ ሜዳ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ሸዋሮቢት ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአካባቢው ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ ይመረታል፤ በመስኖ ሽንኩርትና አትክልት ይለማል። ለሻጋታው ምቹ ሁኔታ የሚፈጠረው ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ ሲሆን፣ በአካባቢው ይህ የሚሆንባቸው ዋና ዋና አጋጣሚዎች የሚከተሉት ናቸው።

• የበልግና የክረምት ዝናብ የዶሮ ቤቱን ጣሪያ ወይም ግድግዳ አልፎ ጉዝጓዙን ሲያርስ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሙቀት እርጥቡን ገለባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሻግተዋል።

• በአጨዳ ወቅት ዝናብ የመታው የጤፍ ጭድ ሳይደርቅ ተከምሮ ቆይቶ ለጉዝጓዝ ሲውል።

• በጉድጓድ ወይም በደንብ ባልተለሰነ ጎተራ የቆየ ማሽላ ተበላሽቶ «ለሰው ባይሆንም ለዶሮ ይሆናል» ተብሎ ሲሰጥ።

• ከሙቀት የተነሣ ዶሮዎች ብዙ ውኃ ሲጠጡና በመጠጫው ዙሪያ ያለው ጉዝጓዝ ሳይደርቅ ሲቆይ።

• በገለባ የተሞላው የጫጩት ማሳደጊያ ሳጥን (ሄይቦክስ) ገለባው ሳይቀየር ለተከታታይ ዙር ሲያገለግል። ሳጥኑ ያለ ኤሌክትሪክ ጫጩት ለማሳደግ እጅግ ጠቃሚ ቢሆንም፣ ከጫጩቶቹ ትንፋሽ የሚወጣው እርጥበት በገለባው ውስጥ ስለሚጠራቀም ገለባው በየዙሩ መቀየር አለበት።

በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በቤተሰብና በማኅበር ደረጃ የሚያድጉ ዶሮዎችን ቁጥር ጨምሯል። ቀድሞ በቆጥ ላይ አድረው ቀን በግቢ የሚውሉ ጥቂት ዶሮዎች የነበሩት ቤተሰብ በመቶ የሚቆጠሩ ጫጩቶችን በአንድ ክፍል ማሳደግ ሲጀምር፣ የጉዝጓዝና የአየር አያያዝ የመንጋውን ሕልውና የሚወስን ጉዳይ ይሆናል። ከደጋ ወደ ቆላ በመኪና የሚጓዙ ጫጩቶች በጉዞ ድካም፣ በብርድና በሙቀት መለዋወጥ ስለሚዳከሙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በተለይ የተጋለጡ ናቸው።

ምልክቶቹ

በጫጩቶች ላይ በሽታው በድንገት ይታያል። ጫጩቶቹ አንገታቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው በፍጥነት ይተነፍሳሉ። በሌሎች የመተንፈሻ በሽታዎች የሚሰማው የማንኮራፋት ወይም የማፏጨት ድምፅ ግን በአብዛኛው አይሰማም። ድምፅ አልባ ማለክለክ ለዚህ በሽታ ጥሩ ጠቋሚ ምልክት ነው። ጫጩቶቹ ይፈዝዛሉ፤ መኖ ይተዋሉ፤ ውኃ ግን አብዝተው ይጠጣሉ። ሻጋታው ወደ ዓይን ከደረሰ ዓይን ያብጣል፣ ብሌኑም ይደፈርሳል። ወደ አንጎል ከደረሰ አንገት ይጣመማል፤ ጫጩቱም ሚዛኑን ይስታል።

በአደጉ ዶሮዎች ላይ በሽታው ዝግ ብሎ ይሄዳል። ዶሮዋ ትከሳለች፤ የእንቁላል ምርቷ ይቀንሳል፤ ሲያባርሯት ቶሎ ይደክማታል፤ ኩክኒዋም ሊጠቁር ይችላል።

የሞተች ዶሮ በባለሙያ ስትከፈት በሳንባዋና በአየር ከረጢቶቿ ላይ ከመርፌ ራስ እስከ አተር ፍሬ የሚያክሉ ነጭ ወይም ቢጫ እባጮች ይታያሉ። አንዳንድ ጊዜ በከረጢቶቹ ውስጥ አረንጓዴ ግራጫ የሆነ፣ በሻገተ እንጀራ ላይ የሚታየውን የመሰለ ሻጋታ ይገኛል።

ከሌሎች በሽታዎች የሚለይበት መንገድ

በብዙ አካባቢዎች ድንገተኛ የዶሮ ሞት ሁሉ «ፈንግል» ይባላል። ይህ አጠራር በሁለት መንገድ ጉዳት ያስከትላል። ሻጋታውን ፈንግል ነው ብሎ ያመነ አርቢ ዕጣዬ ነው ብሎ የሻገተውን ጉዝጓዝ ሳይነካ ይተወዋል። ፈንግሉን ሻጋታ ነው ብሎ የገመተ ደግሞ ጎረቤቱን ሳያስጠነቅቅ በሽታው ወደ ሌሎች ቤቶች ይዛመታል። ስለዚህ የሚከተሉትን ልዩነቶች ማስተዋል ያስፈልጋል።

ፈንግል (ኒውካስል)፦ በቫይረስ የሚመጣና በፍጥነት ከዶሮ ወደ ዶሮ፣ ከቤት ወደ ቤት የሚዛመት ነው። ጫጩትና አውራ ሳይለይ ይገድላል። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የአንገት መጣመምና የክንፍ መውደቅ ይታይበታል። ክትባት አለው።

ነጭ ተቅማጥ (ፑሎረም)፦ በባክቴሪያ የሚመጣ የጫጩት በሽታ ሲሆን በሳንባ ላይ ተመሳሳይ እባጭ ሊያሳይ ይችላል። በፊንጢጣ ዙሪያ የሚጣበቅ ነጭ ተቅማጥ ይለየዋል። በእንቁላል በኩል ከእናት ወደ ጫጩት ስለሚተላለፍ እርግጠኛ ለመሆን የላቦራቶሪ ምርመራ ያሻዋል።

ሥር የሰደደ የመተንፈሻ በሽታ (ማይኮፕላዝማ)፦ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ማስነጠስ፣ የፊት እብጠትና የሚሰማ የትንፋሽ ድምፅ አለው።

የከሰል ጭስ መመረዝ፦ ጫጩት ለማሞቅ በተዘጋ ክፍል የሚቀመጥ የከሰል ምድጃ በሚያወጣው መርዛማ ጋዝ ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተው ሊሞቱ ይችላሉ። ሞቱ በአንድ ሌሊት የሚከሰትና ክፍሉ ሲከፈት የሚቆም ከሆነ ይህ ሊጠረጠር ይገባል። ጋዙ ለሰውም ገዳይ ነው።

ምርመራ

በዓይን የሚታዩ ምልክቶች ጥርጣሬን ያሳድራሉ እንጂ ማረጋገጫ አይሆኑም። በላቦራቶሪ ከሳንባው እባጭ ጥቂቱ ተወስዶ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ከለሰለሰ በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሻጋታው ክሮች ይገኛሉ። ናሙናው በተስማሚ ማሳደጊያ ላይ ሲዘራም በሁለትና በሦስት ቀናት ውስጥ ሰማያዊ አረንጓዴ ሻጋታ ያበቅላል። ሻጋታው በአየርና በአቧራ ውስጥ ስለሚገኝ በማሳደጊያ ላይ መብቀሉ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም፤ በሰውነት ውስጥ ያደረሰው ጉዳት አብሮ መታየት ይኖርበታል።

ሕክምና

ለመንጋ የሚሆን አዋጭ ሕክምና የለም። በእንስሳት ማቆያዎች ለብርቅዬ ወፎች የሚሰጡ ፀረ ፈንገስ መድኃኒቶች ቢኖሩም ዋጋቸው ከፍተኛ ነው፤ ለሳምንታትም በተናጠል ይሰጣሉ። በመሆኑም ለእርባታ ዶሮ አያዋጡም።

ኦክሲቴትራሳይክሊንና የመሳሰሉት አንቲባዮቲኮች ሻጋታን አይገድሉም። ያለ ባለሙያ ትእዛዝ ገዝቶ በውኃ መበጥበጥ ገንዘብ ያባክናል፤ የመድኃኒት ቅሪት በእንቁላልና በሥጋ ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል፤ ባክቴሪያዎችም መድኃኒቱን እንዲለምዱ ያግዛል።

በሽታው በመንጋ ውስጥ ሲረጋገጥ የሚወሰዱት እርምጃዎች የሚከተሉት ናቸው።

1. ጫጩቶቹን ወደ ሌላ ደረቅና ንጹሕ ክፍል ማዛወር።

2. በከባድ ሁኔታ የሚያለክልኩትን መለየትና በባለሙያ ምክር ማስወገድ።

3. የሻገተውን ጉዝጓዝ አቧራው እንዳይነሣ በጥቂቱ ውኃ አርከፍክፎ ወዲያውኑ ማውጣትና ከግቢ ርቆ መቅበር ወይም ማቃጠል።

4. የተጠረጠረውን መኖ ሙሉ በሙሉ ማቆም።

5. ቤቱንና ዕቃዎቹን አጥቦ በባለሙያ በሚመከር ፀረ ፈንገስ ኬሚካል ማከምና በሚገባ ማድረቅ።

የብናኙ ምንጭ ሲወገድ አዳዲስ ሕሙማን መታየታቸው ይቆማል። የተቀሩትን ጤነኛ ጫጩቶች ማረድም ሆነ ማስወገድ አያስፈልግም።

መከላከያ

ጉዝጓዝ፦ ደረቅና አዲስ የጤፍ ጭድ ወይም ንጹሕ ሰጋቱራ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ማንጠፍ ይመከራል። ተጨብጦ ሲለቀቅ እንደ ኳስ ተጣብቆ የሚቀር ጉዝጓዝ እርጥበቱ በዝቷልና ይቀየር። የሻጋታ ሽታ ያለው ጭድ ፀሐይ ላይ ቢሰጣም ለጉዝጓዝ አይውልም፤ ማድረቅ ሻጋታው እንዳያድግ ይገታል እንጂ የተፈጠረውን ስፖር አያጠፋም። እንዲያውም የደረቀ ሻጋታ ይበልጥ ይቦናል።

መጠጫና መመገቢያ፦ መጠጫውን በጡብ ወይም በሽቦ መድረክ ላይ ማስቀመጥ፣ ቦታውን በየጊዜው መለዋወጥና በየቀኑ ማጠብ ያስፈልጋል። በዙሪያው የረጠበው ጉዝጓዝ በዚያው ቀን ተነሥቶ በደረቅ ይተካ።

መኖ፦ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ በደረቅ ክፍል፣ ከወለል ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ተደርገው ይቀመጡ። የእህሉ እርጥበት ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። በዝናብ ወራት በብዛት ከማከማቸት ይልቅ በጥቂቱ መግዛት ይሻላል። የሻገተ እህል አራግፎ ወይም ከጥሩው ጋር ቀላቅሎ ማብላት አይገባም። በእንዲህ ያለ እህል ላይ የሚያድገው አስፐርጊለስ ፍላቨስ አፍላቶክሲን የተባለ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም በማብሰል በቀላሉ አይጠፋም። መርዙን የበላች ላም በወተቷ ልታስተላልፈው ስለምትችል የሻገተውን እህል ከዶሮ ነሥቶ ለላም መስጠትም መፍትሔ አይሆንም።

አየርና ሙቀት፦ ጫጩቶች በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ያስፈልጋቸዋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ወደ 3 ዲግሪ ገደማ ይቀነሳል። በቆላ የቀኑ ሙቀት ብቻውን ለዚህ ሊቃረብ ስለሚችል ቀን ቤቱን መዝጋት አያስፈልግም። መስኮቶቹ በሽቦ ወንፊት ተሸፍነው አየር ይተላለፍ፤ ሌሊት ብቻ የነፋሱ አቅጣጫ በመጋረጃ ይከለል። መጨናነቅ እርጥበትንም ብናኝንም ስለሚያበዛ ጫጩቶቹ እያደጉ ሲሄዱ ቦታቸው ይስፋ።

እንቁላልና መፈልፈያ፦ የቆሸሸና የተሰነጠቀ እንቁላል አይታቀፍ፤ በመፈልፈያም አይግባ። ሻጋታው በቅርፊቱ ቀዳዳ ገብቶ ጫጩቱን ከመፈልፈሉ በፊት ሊይዘው ይችላል። ጫጩት የሚገዙ አርቢዎች ጫጩቶቹ ከንጹሕ መፈልፈያ የመጡ መሆናቸውን ማጣራትና በደረሱ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት የሞቱትን በየቀኑ መመዝገብ ይጠበቅባቸዋል። ሞቱ የጀመረበት ቀን ምንጩ ከመፈልፈያው ወይም ከቤቱ መሆኑን ለመለየት ይረዳል።

በየዙሩ መካከል፦ መንጋው ከወጣ በኋላ ጉዝጓዙ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ ቤቱ ታጥቦና ደርቆ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ባዶውን ይቆይ።

የሰው ጤና ጥንቃቄ

ሰው በሽታውን ከዶሮ አይወስድም፤ ነገር ግን ያንኑ የሻጋታ ብናኝ ሊተነፍስ ይችላል። አስም ያለባቸው፣ ቀደም ሲል በሳንባ ነቀርሳ የታመሙና የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች የሻገተ ጉዝጓዝና እህል ከማውጣት ሥራ መራቅ ይኖርባቸዋል። ሌሎችም አፍና አፍንጫን በሚገባ የሚሸፍን ጭንብል ማድረግ፣ በሥራው ጊዜ በርና መስኮት መክፈት፣ ሕፃናትን ማራቅና ከሥራ በኋላ መታጠብ ይገባቸዋል። በሽታው ያለባት ወይም ሞታ የተገኘች ዶሮ ለምግብም ለሽያጭም አትውልም።

በሽታው ሲጠረጠር አገልግሎት የሚገኝበት ሥርዓት

በመጀመሪያ በቀበሌው የሚገኝ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም የልማት ሠራተኛ እንዲያውቅ ይደረጋል። ከቀበሌው አቅም በላይ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክና የግብርና ወይም የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። አርቢው የሚከተሉትን መረጃዎች ይዞ ቢቀርብ ምርመራው ይፋጠናል፦ የመንጋው ብዛትና ዕድሜ፣ ጫጩቶቹ የመጡበት ቦታና ቀን፣ በየቀኑ የሞቱት ብዛት፣ የተሰጡ ክትባቶችና መድኃኒቶች፣ የጉዝጓዙና የመኖው ዓይነት እንዲሁም የተገዛበት ጊዜ።

ለምርመራ የሚሻለው ናሙና በዚያው ቀን የሞተ ወይም በከባድ ሁኔታ የታመመ ጫጩት ነው። የሞተው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በበረዶ በቀዘቀዘ ሣጥን ተደርጎ በፍጥነት ይቅረብ፤ በቆላ ሙቀት ከጥቂት ሰዓታት በላይ የቆየ ሬሳ ለምርመራ አይበቃም። ከተጠረጠረው ጉዝጓዝና መኖም ጥቂት ጥቂት በወረቀት ከረጢት ለየብቻ ይወሰድ። ተጨማሪ ምርመራ ሲያስፈልግ ናሙናው በባለሙያ አማካይነት ወደ ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ወይም በሰበታ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል።

ምርመራው እስኪታወቅ ድረስ ፈንግል ሊሆን ይችላል በሚል ጥንቃቄ ዶሮዎችን ወደ ገበያ ማውጣት፣ ለጎረቤት መስጠትና ከሌላ መንጋ ጋር መቀላቀል የተከለከለ ነው ብሎ መያዝ ተገቢ ነው። ውጤቱ የሳንባ ሻጋታ መሆኑን ካረጋገጠ ይህ ገደብ ለጤነኞቹ ዶሮዎች አስፈላጊነቱ ያበቃል። ፈንግል ከሆነ ግን የአካባቢው መንጋ እንዲከተብ ለወረዳው ወዲያውኑ ይገለጻል። የፈንግል ክትባት በቢሾፍቱ በሚገኘው የብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ይመረታል፤ ሙቀትን በተሻለ የሚቋቋመው ዓይነትም ለቆላ አካባቢዎች ተስማሚ ነው።

የተበላሸ ወይም የሻገተ የፋብሪካ መኖ የገዛ አርቢ የከረጢቱን መለያ ጽሑፍ፣ የምርት ቀኑንና የግዢ ደረሰኙን ይዞ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል። የመኖና የእንስሳት መድኃኒት ጥራት ቁጥጥር በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥር የሚከናወን ነው። ከረጢቱንና ቀሪውን መኖ ሳይጥሉ ማቆየት ለማጣራት ሥራው አስፈላጊ ማስረጃ ይሆናል።